ለሆሊውድ ሴቶች ያዋስኳቸው ዐይኖችሽ

ውድ ባለመስኮቷ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። ደህና ብትሆኚ ኖሮ ይህን ብሩሽ ከእጄ ቀምተሽ፣ «ምንጣፉ ላይ አታንጠብጥብ» ብለሽ በረንዳ ላይ አስወጥተሽኝ ነበር። ይኸው ሳሎኑ መሀል ተቀምጬ እያንጠባጠብኩ ነው፤ የተቆጣኝ የለም። ልጆችሽ ከቀበሩሽ ወዲህ ጨዋ ሆነውብኛል። የልጅ ልጆቻችን እንኳ ስቆነጥጣቸው አይጮሁም። ለምለው ሁሉ «እሺ አባባ» ነው መልሳቸው። እሺ የሚል ሰው እንዴት ይሰለቻል መሰለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ሳሎን የሚሰቀል ፎቶሽን ፈለጉ። ቤቱን ቢገለብጡት የተገኘው የመታወቂያሽ ፎቶ ብቻ ሆነ። እሱም ፎቶ አንሺው «አይሳቅም» ስላለሽ ከንፈርሽን ወደ ውስጥ ውጠሽ፣ ዶሮ ሰርቃ የተያዘች ሴት መስለሽ የወጣሽበት። ካሜራ ባየሽ ቁጥር ጓዳ ስትገቢ ኖረሽ ምን ይገኝ? ትልቋ ልጃችን ፎቶውን አይታ አለቀሰች። «እማዬ እንዲህ አልነበረችም» አለች። እኔም ጉራዬ በእርጅናም አልለቀቀኝምና፣ «ፎቶ ምን ያደርግላችኋል? ለሲኒማ ቤት ሸራ ስሥል የኖርኩ ሰው እያለሁ። የእናታችሁን መልክ ዐይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ» አልኳቸው።

ባዶ ጉራ እንዳልነበር አንቺ ታውቂያለሽ። አከፋፋዩ ከፊልሙ ጋር የሚልክልን ፎቶ የክብሪት ቀፎ ብታህል ነው። ከእሷ ተነስቼ ግድግዳ የሚያህል ሸራ እሞላለሁ። የተዋናይቷ ከንፈር እንደምንም ይለያል፤ ዐይኗ ግን ዝንብ ያረፈበት ይመስላል። ሸራዬን የምወጥረው ከትኬት መሸጫው መስኮት ትይዩ ነበርና መሰላሌ ላይ ሆኜ ዘወር ስል አንቺ ቁጭ ብለሻል። ምን ላድርግ? ያንቺን ዐይን አዋስኳት። በሳምንቱ ለመጣችውም አዋስኳት። ከዚያ ወዲያ በእኛ በር ላይ ያላንቺ ዐይን የተሰቀለች የሆሊውድ ሴት የለችም፤ ሰላይዋም፣ ንግሥቲቱም፣ ባሏን በመርዝ የገደለችውም።

ያ ተመልካች ትዝ ይልሻል? ፊልሙ አልቆ ሲወጣ መስኮትሽን አንኳኩቶ፣
«በር ላይ ያለችዋ ሴትዮ ፊልሙ ውስጥ የለችም፤ አታላችሁኛል» ያለሽ።
አንቺ ቀና እንኳ ሳትዪ፣ «የሚቀጥለው ላይ ትኖር ይሆናል፤ ትኬት ልቁረጥልህ?» አልሽው።
አስቆረጠ።

የሆሊውድን ነገርማ ከጎረቤት ወሬ አስበልጠሽ ነው የኖርሽው። መጽሔቱ ወራት ዘግይቶ ይደርስሻል፤ አንቺ ግን ነገሩ ዛሬ ጠዋት በደጃፍሽ የተፈጸመ ይመስል ትንገበገቢያለሽ። ማን ማንን አገባ፣ ማን ሽልማቱን በግፍ ተነጠቀ፣ ማን ቀረጻ ረግጦ ሄደ። አንድ ቀን መሰላሌ ሥር መጥተሽ የምሥለውን አክተር በአገጭሽ እያሳየሽኝ፣
«ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ከነልጆቿ ጥሎ ሄዷል» አልሽኝ።
«ታዲያ ሄጄ ልምከረው?»
«አፍንጫውን አስረዝምለት።»
አስረዘምኩለት። ሥራ አስኪያጁ ጠዋት መጥቶ ቀና ሲል፣ «ይሄ ጀግና ነው ዝሆን?» አለ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ትኬት ትቆጥሪያለሽ፤ አናትሽ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሚስቱ ላይ የሄደ የሆሊውድ ወንድ ሁሉ አፍንጫው ረዝሞ ነው የሚሰቀለው። የታረቁትን አሳጥርላቸው ነበር፤ በአንቺ ፈቃድ።

እናም ሸራ ወጥሬ ተቀመጥኩ። ዐይኖችሽ ቤቱን እንደሚያውቅ በቅሎ ራሳቸው መጡ። ትልቋ ልጃችን ከኋላዬ ቆማ «መጣች» አለች።

ከዚያ ከንፈርሽ ላይ ደረስኩ። ሣልኩት፤ የሌላ ሴት ሆነ። አጠፋሁት። ደግሜ ሣልኩት፤ ይሄኛውን አወቅሁት። የዚያች ደጋግማ አግብታ ደጋግማ የፈታችው፣ አንቺ «ምስኪን» የምትያት ተዋናይ ነው። እጄ የሚያውቀው አፍ ሁሉ የሆሊውድ ሆኖ ተገኘ።

ያን ሁሉ ዘመን ስሥልሽ ኖሬ አንዴ እንኳ አፍሽን ሳልሥል አልቀርም ብዬ አሮጌ ሸራዬን ፍለጋ ከትልቋ ልጅሽ ጋር ወደ ድሮው ሲኒማ ቤታችን ሄድን። አሁን የፍራሽ መጋዘን ነው። ጠባቂው ከወንበሩ ተነስቶ፣
«ፍራሽ ፈልገው ነው አባት?» አለኝ።
«ሚስቴን ፈልጌ ነው።»
ልጅሽን አየት አድርጎ፣ «እዚህ የምትሠራ ሴት የለችም» አለ።
«ድሮ ነበረች፤ ሳትሰናበተኝ ወጣች» አልኩት። ልጅሽ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ልክ እንደ አንቺ አድርጋ።

ሸራው አለ። ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ፍራሾቹን አልብሰውበታል። በየሳምንቱ ኖራ እየቀባሁ በላዩ ሌላ ስለምሥልበት እንደ ቆዳ ወፍሯል። ከላይ ያለችው የመጨረሻው ፊልማችን ሴት ናት፤ ዐይኗ ያንቺ፣ ከንፈሯ የራሷ። በቢላ ፋቅ አደረግኋት። ከሥሯ ሌላ ወጣች፤ እሷም ዐይኗ ያንቺ፣ ከንፈሯ የራሷ። የቀጣይዋን ለማየት ይቺን መፋቅ አለብኝ። ፋቅሁ። ዐይኖችሽ ቅርፊት ቅርፊት እየሆኑ ጫማዬ ላይ ረገፉ። ልጅሽ እጄን ያዘች።
«በቃ አባባ። እያጠፋሃት እኮ ነው።»

ስንወጣ መሰላሌ ይቆምበት ከነበረው ቦታ ላይ ቆሜ መስኮትሽን አየሁት። የዋጋ ሰሌዳው አሁንም የመስኮቱን የታችኛውን ግማሽ ሸፍኖ እንደተቸነከረ ነው። ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከአፍንጫው በታች አይታይም። ለካ ሳጠና የኖርኩት ግማሽሽን ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ ሚስቱን ማን ያጠናል? ነገም አለች ይላል ሰው። ያ አፍ ስንቴ ሰደበኝ፣ ስንቴ ሳመኝ፣ ስንቴ «ብላ እንጂ» አለኝ። እሰማው ነበር። ሰዓሊ ግን ያላጠናውን እጁ አያውቀውም።

ልጆቹን ሰብስቤ ጠየቅኋቸው። ትልቋ «የታችኛው ወፈር ይላል» አለች። ወንዱ «ኧረ ስስ ነው፤ ስትቆጣማ ጭራሽ ይጠፋል» አለ። ትንሿ በግራ በኩል ከፍ ይላል ብላ በራሷ አፍ አሳየችን፤ «እንዲህማ አይደለም፣ አንቺ አክስትሽን ነው የምታሳዪን» አላት ወንድሟ። ተጨቃጨቁ። ሦስት ልጅ ወልደሽ ሦስት አፍ ትተሽልኝ ሄድሽ። አንዱን መርጬ ብሥል ሁለቱ እናት ያጣሉ። በመጨረሻ ትልቋ ደከማትና፣ «የመሰለህን አድርገው አባባ፤ እኛ እንለምደዋለን» አለች።

የፈራሁት ያኔ ነው። እውነቷን ነው፤ ይለምዱታል። ዓመት ሳይሞላ የአንዷን ተዋናይ አፍ እያዩ እናታችን ይላሉ። ውሎ አድሮ እኔም እላለሁ። ያን ቀን ደግሜ እቀብርሻለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ባዶ ተውኩት። ከአፍንጫሽ በታች ነጭ ሸራ ነው። ትናንት ሰቀልነው። ወንዱ አየት አደረገና «አላለቀም እኮ» አለ። «አዎ፣ አላለቀም» አልኩት። ቀልድ ልጨምርበት አፌን ከፍቼ ነበር፤ የመጣው ግን ሌላ ሆነ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ሁሉም ሲሄዱ ወንበሬን አስጠግቼ ላናድድሽ ሞከርኩ። «ያቺ ምስኪንሽ ትወናዋ እንጨት ነበር» አልኩሽ። ድሮ ይህን ብልሽ ቀኑን ሙሉ ስትሞግቺኝ ትውዪ ነበር። ዐይንሽ አፈጠጠብኝ። ጠበቅሁ። እንደገና «እንጨት» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አስጠላኝ።

ቀለሙን ቀላቅዬ ክዳኑን ገጥሜ አስቀምጫለሁ። በሕልሜ ብትመጪ ደህና አድርገሽ ተቆጪኝ፤ ብሩሼ አጠገቤ ነው። ብቻ እባክሽ አትሳቂ። ስትስቂ አፍሽን በመዳፍሽ ትሸፍኚዋለሽ።

ባልሽ፣
ቀለም አባካኙ