የሊቀ መንበሩ ዶሮዎችና የባለቤቴ ሰርዶ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለአቶ ላቀው፣
ፍኖተ ሰላም

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎም፣ ወይዘሮዋም፣ ልጆችዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ዶሮዎችዎ እንደምን ከረማችሁ? የዶሮዎቹን እንኳ መጠየቄ ለወጉ ያህል ነው፤ ጎሕ ሲቀድ እኔ ግቢ ገብተው ወደ እርስዎ ቆጥ የሚመለሱት ሲመሽ ስለሆነ፣ ስለ ጤናቸው ከእርስዎ ይልቅ እኔ አውቃለሁ። ደኅና ናቸው፤ ወፍረዋል።

ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው፣ እኔ ከሊቀ መንበሩ ጋር አጥር ለአጥር የምዋሰን ጡረተኛ መምህር ነኝ። ባለቤቴ እህተ ማርያም አምና ግራ ጎኗ፣ እጇም እግሯም፣ አልታዘዝ ሲላት፣ ሐኪሙ ጫማዋን አውልቃ ለስላሳ ሣር ላይ መራመድ እንድትለማመድ መከረን። እኔም ከላህ ወንዝ ዳር ሰርዶ በጆንያ እያመላለስሁ ጓሮዬን አለበስሁት። አቤቱታዬ ስለዚህ ሣር ነው።

አንደኛ፤ የተሻሻለ ዝርያ የተባሉት ዶሮዎችዎ በእርግጥም የተሻሻሉ መሆናቸውን እመሰክራለሁ። ያገራችን ዶሮ ጫር ጫር አድርጋ ታልፋለች፤ የእርስዎዎቹ ግን ሰርዶውን ከነሥሩ ነቅለው፣ ጉድጓድ ቆፍረው አፈር ይታጠባሉ። እሾህ ባጥር በላዩ በረሩ። ክንፋቸውን በአንድ ወገን ቢከረክሙልኝ ብዬ ደጅ ብጠና፣ ዶሮ ድንበር አታውቅም ብለው አስተማሩኝ። ዕድሜ ልኬን ሳስተምር ኖሬ ይህን አለማወቄ አሳፍሮኛል።

ሁለተኛ፤ ጉዳዬን በቀበሌው ግምገማ ላይ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሰብሳቢው እርስዎ፣ የዶሮዎቹ ባለቤት እርስዎ፣ ውሳኔውን ያነበቡትም እርስዎ ስለነበሩ ነገሩ ሳይንዛዛ አለቀ። እኔም በዶሮ እርባታ ላይ የአመለካከት ችግር እንዳለብኝ ተነግሮኝ፣ ሂሴን ውጬ ወጣሁ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባል ነበር፤ በእኛ ሰፈር የተጣለው ጎረቤቷ ነው።

ሦስተኛ፤ ይህኛው ግን ከሆዴ አልወጣም። ከወረዳው ለልምድ ልውውጥ እንግዶች ሲመጡ፣ የእርስዎ ግቢ ተጭሮ አንድ ቅጠል ስላልቀረበት፣ በእኔ በር አስገብተው ዶሮዎቹን በሰርዶዬ ላይ አስጎበኙ፤ ሣሩንም እርስዎ ሞዴል አርቢው ያለሙት የዶሮ መኖ ነው ብለው አስተዋወቁ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። እህተ ማርያም በመስኮት ታይ ነበር። ከሄዱ በኋላ ልምምዷን ልታደርግ ብትወጣ፣ ዶሮዎቹ የቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ እግሯ ገባና ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም ብላ ተቀምጣለች። አቶ ላቀው፣ ቀልዴ እዚህ ላይ አለቀብኝ። እሷ አልጋ ላይ ቀርታ ዶሮ በሣሯ ላይ ሲንጎራደድ ማየት አንጀቴን ያቃጥለኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ግን እንደገና እንዳልገመገም ትቼዋለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ረፋዱን ብቻ፣ ባለቤቴ እስክትራመድ ድረስ፣ ዶሮዎቹን ይዝጉልኝ። ከሰዓት በኋላ ሣሩ እንደ ልማዱ የእርስዎ ነው።

ለቤትዎ በረከትን፣ ግቢዎም አንዲት ቅጠል እንኳ እንዲያበቅልልዎ ከልብ እየተመኘሁ፣

ትሑት ጎረቤትዎና የዶሮዎችዎ መኖ አልሚ፣
ይሄይስ መልካሙ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ከጓሮ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ቀዩ አውራ ዶሮዎ መስኮቷ ሥር መጥቶ የተረፈችውን ሰርዶ ሲነቅል፣ እህተ ማርያም አላስችል ብሏት ምርኩዟን ይዛ ተነሥታለች። ትከሻዬን ሳትደገፍ ጓሮውን አቋርጣ እስከ በርዎ አባረረችው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሐኪሙ ያዘዘውን አውራ ዶሮዎ አስፈጸመው። ነገ ደግሞ ቢሮዎ ድረስ እሄዳለሁ ብላለች። እኔ ጽፌ የሚወጣልኝ ሰው ነኝ፤ እሷ መጻፍ አትወድም። ለወንበር አይቸገሩ፤ መቆም ችላለች።