መብራቱን ያጠፋሁባት ሰንበት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 19 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ አሥመራ

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም።

ሲኞር ዳዊት ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አባታቸው ከቀይ ባሕር ማዶ ከኤደን የመጡ አይሁዳዊ። ቅዳሜ ከሰዓት በምኩራባቸው አዳራሽ ለእኛ ለአስተማሪዎች የሕዝባቸውን ታሪክ ያስተምሩናል። ዛሬ ከአዲስ አበባ የተሾመብን ዳይሬክተርም ሳይጠራ መጣ።

ለዓይን ያዝ ማድረግ ሲጀምር ሽማግሌው መጽሐፋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ማንበብ ቀጠሉ። ዳይሬክተሩ ማንንም ሳያስፈቅድ መብራቱን አበራው። ሲኞር ዳዊት መጽሐፉን ዘጉ።

«ጌታዬ፣ ሰንበት ገና አልወጣችም። ለእኔ ብለው ባበሩት መብራት አላነብም» አሉት።

«ንጉሣችን የሰሎሞን ዘር ናቸው! ስለ እስራኤል አንተ ነህ የምታስተምረን?»

በዚያ ሽበት ላይ «አንተ»!

ሽማግሌው መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። አጥፉልኝ ማለትም በሰንበት አይፈቀድላቸውም፤ ባለፈው ሳምንት ነግረውናል። ተነሥቼ አጠፋሁት።

«ማነው ያጠፋው?» ብሎ ጮኸ።

«እኔ ነኝ።»

«ሰኞ ቢሮዬ ትመጫለሽ!» በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ ወጣ። ሽማግሌው ያቆሙትን በጨለማ፣ በቃላቸው ቀጠሉ።

ሰኞ እሄድለታለሁ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቅዳሜ እህል ፈጭታ አታውቅም። እንኳን የሰሎሞን፣ የጭቃ ሹም ዘር ነኝ ብላም አታውቅም።