ፍሬኗ የከዳን ዕለት

ለጋሽዬ ለወልደዮሐንስ፤
ወልቂጤ

ጋሽዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ክረምቱ እንዴት አለፈልህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ ብርዱ አባሰብህ? እናታችን ወለቴ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ባለቤትህ ነስሪንስ፣ ልጆቹስ፣ ጓሮው፣ እንሰቱ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። አለን ማለት ለካ ቀላል ነገር አይደለም!

ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ትለኝ ይሆናል። በዚህ ቤት በስልክ የተወራ ሁሉ አማቴ ጆሮ ይገባል። አዮ ብርቄ አማርኛ አልችልም ይላሉ እንጂ ሲፈልጉ ከእኔ ይበልጣሉ። ስለዚህ ባለሱቁ ጎረቤታችን ቂርቆስ ለመስቀል አገር ቤት ሲገባ በእጁ ላኩልህ። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው። ለሠርጋችን የሰጠኸንን አሮጌ ላንድክሩዘር አሁን ብታያት አታውቃትም። ባሌ ቀነአ ከሲሚንቶ ሱቁ እንደተመለሰ እጁን ሳይታጠብ ከሥሯ ነው የሚገባው። ቀነአ አለ ወይ ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ እግሩን አይቶ፣ እግሩን ሰላም ብሎ ይመለሳል። ባሌስትራ ደራርቦ ከመሬት ከፍ አደረጋት፤ ልጃችን ሌንሳ አሁን የምትሳፈረው በርጩማ ላይ ቆማ ነው። የኋላ መቀመጫዋን ነቅሎ የሚኒባስ ወንበር አሰረባት። ጎርፍ ስንሻገር ሞተሯ ውሃ እንዳይጠጣ ብሎ ደግሞ የጣሪያ ውሃ መውረጃ ቱቦ ከኮፈኗ አውጥቶ እስከ ራሷ ድረስ አቆመላት። የሰፈራችን የባኬ ጃማ ሰው ይህች መኪና ወጥ ትሠራለች እንዴ እያለ ሲስቅብን ከረመ። እኔም ስቄያለሁ። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሌላው መኪና ሁሉ በቆመበት ጭቃ እሷ ታልፋለች።

ፍሬኑን ግን በቤት አትነካኩት፣ ጋራዥ ውሰዱት ብለኸን ነበር። አልሰማንህም። ቀነአ አራቱንም ጎማ አውልቆ፣ ታምቡር የሚሉትን የፍሬኑን ክዳን አውጥቶ፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ገጠመላት። ቅዳሜ ቀን ነበር። ታምቡሩን መልሶ ሳይከድን እኔው ነኝ ምሳ ቀረበ ብዬ የጠራሁት። እየበላን ሰማዩ ጠቆረ፣ ሮጦ ወጣና ዝናቡ ሳይቀድመው እየተጣደፈ ከደነው። ሰፈር ውስጥ ሲሞክራት ፍሬኗ ለስለስ አለበት። አዲስ ሸራ እስኪለምድ እንዲህ ነው አለኝ። እኔ ምን አውቄ፣ አመንኩት።

በማግስቱ የአዮ ብርቄ የእህት ልጅ ቦንቱ ወልዳ ስለነበር ልንጠይቃት ወደ አንገር ጉቲን ወረድን። አዮ ከፊት፣ እኔና ሌንሳ ከኋላ። ያንን ቁልቁለት ታውቀዋለህ፤ በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል መንገድ ሲሠራ የተቆረሰ የአፈር ግድግዳ። ግማሽ ላይ ስንደርስ ቀነአ ፍሬን ረገጠ። ምንም የለም። ደግሞ ረገጠ። ጋሽዬ፣ የሰው ጀርባ ሲደነግጥ አይተህ ታውቃለህ? እኔ ፊቱን አላየሁም፣ ጀርባው ነው ድርቅ ያለው። ከፊታችን በቆሎ የጫኑ አህዮችና ነጂያቸው መንገዱን ሞልተውታል። አዮ «ያ ዋቃ! ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ሲጠሩ እኔ ሌንሳን ከሥሬ አድርጌ ተኛሁባት። ቀነአ ማርሹን እየቀነሰ ሞተሯን አስጓራት፣ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ጎተተው፣ ከዚያ መሪውን ወደ አፈሩ ሰበረው። የመኪናዋ ግንባር ጭቃው ውስጥ ተቀበረ። ማንም አልተነካም። ሌንሳ ብቅ ብላ ደረስን እንዴ አለች። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ በኋላ ቀነአ ቀነአ አልሆነም። መኪናዋ ተጎትታ ግቢ ከገባች ወዲህ ለብዙ ቀን መፍቻ አልነካም፣ ሌንሳንም ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። ይባስ ብሎ አጎቱ ኦቦ ዋጋሪ ጎረቤት በሞላበት አስቀምጠው፣ አንተ ሲሚንቶ ሻጭ እንጂ መካኒክ አይደለህም፣ ከእንግዲህ ይህችን ቆርቆሮ ሸጠህ ሰውን አሳርፍ ብለው ገሠጹት። እሱም ራሱን አቀርቅሮ እሺ አለ። ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ መኪናዋን ከሸጠ ዳግመኛ በእጁ ምንም ነገር አይሠራም።

ዋናውን ያስደነገጠኝን ነገር ግን ገና አልነገርኩህም። ለገዢ ከማሳየቱ በፊት ጥፋቴን ልወቅ ብሎ ታምቡሩን ፈታው። ፋኖስ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ክዳኑ ሲወጣ ሽታው አፍንጫዬን መታው። የዘይት ሽታ አይደለም፣ የነዳጅም አይደለም። ቅቤ! የበሰለ፣ የተቃጠለ ቅቤ፣ ጋሽዬ! አዲሱ ሸራ ጠጥቶት ያብረቀርቃል፤ ቅባት የጠጣ ሸራ ምኑን ይጨብጣል! ሁለተኛውን ፈታ፣ ቅቤ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ቅቤ። ተያየን።

ይህን ጊዜ አዮ ብርቄ ከበራፉ ሆነው፣ አገኛችሁት እንዴ፣ አሁንም አለ እንዴ ብለው ደስ ብሏቸው መጡ። ለካ ያን ቅዳሜ እኛ ምሳ ስንበላ መኪናዋ ተገልጣ ቢያዩአት አሳዝናቸዋለች። እንደገና የተወለደ ነገር ቅቤ ሳይነካው ራቁቱን መንገድ አይወጣም ብለው ለአራሷ ለቦንቱ ያስቀመጡትን ለጋ ቅቤ አውጥተው፣ እየመረቁ፣ አራቱንም እግሯን ቀብተዋታል። አንዱን ቀብቼ ሌላውን ብተው ትቀየመኛለች ብዬ ነው አሉን። ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? ገደሉ አፍ ላይ ያቆመን ይሄ ቅቤ ነው አሉ! ለሰፈሩም ሁሉ እንዲህ እያሉ አውርተው ጨርሰዋል።

የእጅ ፍሬኑ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ስለሆነ ክንዳቸው አልደረሰበትም፤ የተረፍነው በዚያ ነው። እጃቸው ትንሽ ረዘም ቢል ኖሮ ይህን ደብዳቤ ማን ይጽፍልህ ነበር? አፌን ልከፍት ስል ቀነአ ክንዴን ጨበጠኝ። ወደ እናቱ ዞሮ «ገለቶማ፣ አዮ» ብሎ አመሰገናቸው። ፊቱ አመድ መስሏል።

እሳቸው ሲገቡ ተጣላሁት። ንገራቸው እንጂ፣ ኦቦ ዋጋሪም ይስሙ፣ ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ ሰዉ ሁሉ ይወቅ አልኩት። እሱ ምን አለኝ መሰለህ? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትመርቅ ነው የኖረችው፤ ምርቃትሽ የልጅ ልጅሽን ሊገድል ነበር ካልኳት ከዚያ በኋላ እጇን ዘርግታ ማንን ትመርቃለች? መካኒክ አይደለም መባሉን እችለዋለሁ አለኝ። እኔ ግን አልችለውም፣ ጋሽዬ። ለዚህ ነው ለአንድ ሰው እንኳ ልንገር ብዬ የጻፍኩልህ። እዚያ ድረስ ወሬው ደርሶ ቀነአን የሚያማ ቢኖር እውነቱን አንተ ብቻ እወቅለት።

መኪናዋ አልተሸጠችም። ትናንት አዲስ ሸራ አምጥቶ፣ ታምቡሩን ፈቶ መሥራት ጀመረ። አዮ ወዲያው ከጓዳ ወጡ፣ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው፤ የዛሬውን አብዝቻለሁ እያሉ። ቀነአ መፍቻውን አስቀመጠና ከእናቱ ፊት ተንበረከከ። አዮ፣ መኪናዋን የምሠራት እኔ ነኝ፣ እኔን ቀቢኝ አላቸው። እሳቸውም ቅቤውን ሁሉ አናቱ ላይ አፈሰሱት። እየመረቁ ፀጉሩን ሲያሹት፣ በጆሮው በግንባሩ እየወረደ፣ ቀነአ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እሳቸው የደስታ መሰላቸው። እኔ ሌንሳን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

እናታችንን ወለቴን ጉልበቷን ሳምልኝ። ነስሪን በጣም ናፍቃኛለች፤ ልጆቹን አንድ በአንድ እቀፋቸው። ሌንሳ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው ትላለች። ቀነአ በፍሬኑ ነገር ስላልሰማህ ይቅርታ ይጠይቅሃል፤ የቅቤውን ነገር መጻፌን ግን አያውቅም። አዮ ብርቄም ሰላም ብለውሃል። በአይሱዙህ እንደምትመጣ ሰምተው ስንት ጎማ አላት ብለው ጠይቀውኛል። ስድስት ብያቸዋለሁ። ለዚያ የሚበቃ ቅቤ ማጠራቀም ስለጀመሩ እባክህ በአውቶቡስ ና።

እህትህ አዜብ
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.