ለእማማ ገላኔ ያልተነገረው

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ውድ ፍሬሕይወት፣

እማማ ገላኔ ሞርፊናቸውን መጠጣት አቁመዋል።

አንቺ የቤት ለቤት ሕክምና ሥራችንን ከለቀቅሽ በኋላ የተመዘገቡ በሽተኛ ስለሆኑ አታውቂያቸውም። ካንሰሩ ከጡታቸው አልፎ አጥንት ገብቷል። ወንድማቸው ጀቤሳ አዳሚ ቱሉ ሽንኩርት ያለማ ነበር። ከሞተ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ቤተሰቡ ሄዶ ቀብሮ ተመለሰ፤ እሳቸውን ግን አላረዷቸውም። "ትንሽ ይሻላቸውና" ተባለ። እንደማይሻላቸው ለቤተሰቡ የነገርኩት እኔው ነኝ። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶኛል።

ባለፈው ሐሙስ ልጃቸው ቀነዓ በር ላይ ያዘኝ።

"እኛን ማመን ትታለች፤ አንተን ግን ታምናለች። ጀቤሳን በስልክ አገኘሁት በላት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ እናስብበታለን።"

ገባሁና አልኩ። ጀቤሳ ሽንኩርቱን ነቅሎ ሲጨርስ ይመጣል አልኩ። ሽንኩርቱን ማንም አላዘዘኝም፤ ከራሴ የጨመርኩት ነው። እማማ ገላኔ ሳቁ። "ለሽንኩርት ሲሆን ነው እንዲህ የሚተጋው" አሉ።

ዛሬ መኪናችን ነዳጅ ወረፋ ላይ ስለነበረ በባጃጅ ሄድኩ። የሐሙሱ የሞርፊን ጠርሙስ እንደ ሞላ ነው። ብርድ ልብሱን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል።

"አካም ቡልቴ፣ ያደታ" ብለው እንዴት አደርክ አሉኝ፣ ጥርሳቸውን እንደነከሱ።

"ለምን አልጠጡም?"

"ያስተኛኛል። ጀቤሳ መጥቶ ተኝቼ ቢያገኘኝ ተመልሶ ይሄዳል። ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያውቅም።"

"ልጆቹ ይቀሰቅሱዎታል።"

"እነዚህ? ሻይ እንኳ ሦስቴ ካልተጠሩ አያፈሉም።"

ቀነዓን ጓሮ ወስጄ ዛሬውኑ ይነገራቸው አልኩት።

"በመርዶ ልትገድላት ነው?"

"በሕመም እየተሰቃዩ ነው፤ መድኃኒቱ አጠገባቸው ተቀምጦ።"

"ሽማግሌዎቹ እሁድ ይነጋገሩበታል" አለኝ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

አልተናደድኩም። አላዘንኩምም። ባጃጅ ውስጥ ገብቼ ስለ አንቺ አሰብኩ።

አባትሽ ሁሩታ ያረፉ ቀን የተደወለልን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። አንቺ የበሽተኛ ቁስል እያጠብሽ ነበር። ሁላችንም ሰምተን ዝም አልን። እኔ ሻይ ጋበዝኩሽ፤ ስለ አለቃችን ቀልድ ነገርኩሽና እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ንጋት ላይ ከዘመዶችሽ ጋር መጥቼ በርሽን አንኳኳሁ። መኪና ውስጥ "አንተ ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?" አልሽኝ። "ከትናንት ስምንት ሰዓት" አልኩሽ። ወር ሙሉ አላናገርሽኝም። ወጉ ነው እያልኩ ራሴን አጸደቅሁ። ሥራ ስትለቂም ቆይ አላልኩሽም፤ ይቅርታም አልጠየቅሁሽም። አሁን እጠይቅሻለሁ። ዝም ማለቴ አንድ ነገር ነው፤ ማሳቄ ግን አልነበረብኝም።

ይህን የምጽፍልሽ ማህተም የሚመታበት ቢሮ በር ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የእማማ የሚቀጥለው ሳምንት ማዘዣ ያለ ማህተም አይሰራም፤ ማህተም ያዡ ደግሞ ስብሰባ ገብቷል። ከፊቴ አራት ሰው አለ። ሌላ ቀን ቢሆን እጨቃጨቅ ነበር። ዛሬ ግን እዚያ ቤት ሙሉ ጠርሙስ ተቀምጦ ሌላ ጠርሙስ ላስጨምር መሰለፌን ነው የማስበው።

እሁድን ሳልጠብቅ ለእማማ ብነግራቸው ቀነዓ ሊያባርረኝ ይችላል። መሥሪያ ቤቱም የቤተሰብ ምስጢር አወጣህ ብሎ ማስጠንቀቂያ ይጽፍልኛል። እማማ ገላኔ እኔን ከረገሙ በኋላ መድኃኒቱን ይጠጡ አይጠጡ አላውቅም። ጀቤሳ ይመጣል ያልኳቸው ግን እኔ ነኝ።

ማህተም ያዡ አሁን መጣ። ሰዎቹ ተነስተው እየተሰለፉ ነው። እኔም ተነስቻለሁ፤ የምሄደው ግን ወደ ውጭ ነው፣ ወደ እማማ ቤት።

ያደታ