የአይሱዙው የኋላ አክስል

በጅዳ የምትኖሪ ልጄ አስቻለች፣ ዮሴፍን በባዕድ አገር የጠበቀ አምላክ አንቺንም ይጠብቅሽ። እኛ በመካነ ሰላም፣ ስሙ ይመስገን፣ ደኅና ነን፤ ገብሱን ግን ውርጭ መታው።

ወንድምሽ ብዙአየሁ የሚነዳው፣ በአንቺ ድካም የተገዛው አይሱዙ የኋላ አክስሉ ዘይት እያፈሰሰ ፍሬኑን አርሶታል። መካኒኩ፣ «ቢጠገንም መልሶ ያፈሳል፤ መለወጥ ነው ያለበት» አለው። እርሱ ግን መኪናውን ጠበል አስረጭቶ፣ እህል ጭኖ፣ የዓባይን ቁልቁለት ሊወርድ ተነሣ። ቁልፉን ነጠቅሁት።

«እማሆይ፣ ዛሬ ደግሞ ጠበሉን ካዱት?» አለኝ።

«ጠበሉንስ አልካድሁም፤ ፈጣሪን መፈታተን ግን ጸሎት አይባልም» አልሁት።

አሁን ደግሞ የሥራ ውልሽን አድሰሽ አዲስ አክስል እንድትገዢለት ሊለምንሽ ነው። ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ሳልሽ ቃልሽን ሲያቋርጥብሽ ሰምቻለሁ። የአንዱን ልጄን ነፍስ ለማትረፍ የሌላዋን መያዣ አላደርግም። ብዙአየሁ ለሰው ይረስ፤ መኪናውም በደጃችን ቆሞ ይዛግ፣ ብረት ነው።

ቅዱስ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ። ወንድምሽ ሲደውል እሺ አትበይው። ስለ ወለደሽ ማኅፀን እለምንሻለሁ፣ ውሉ ሲያልቅ ነይልኝ።

እናትሽ እማሆይ ወለተ ሥላሴ