የባጃጃችን ረዳት

ይድረስ ሠመራ ላለው ወንድሜ ሙሄ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። የሠመራ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ።

ባጃጃችን የመጣች ቀን ትዝ ይልሃል? ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ሳይጨርሱ የኋላ ወንበሯ ላይ ተኝተህ አልወርድም ብለህ ነበር። አሁንም ጤነኛ ናት። አባባ ግን ሲመሽ መሥራት ትቷል። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ያስቀምጠኛል። ግመል ሲያቋርጥ "ግመል!" እላለሁ። "አይቼዋለሁ" ይላል፤ ከዚያ ፍሬን ይይዛል።

ትናንት ከገበያ የጫንናት ሴትዮ "ጋሽ ኢድሪስ፣ ባጃጅም ረዳት አላት እንዴ?" ብላ ሳቀች።

"ልጄ ናት፤ ሥራ እያለማመድኳት ነው" አላት።

ሰው ፊት መናገር የማልችለው እኔ አሁን መንገዱን ሙሉ ስጮህ ብታየኝ ትስቃለህ።

እማዬ ሰላም ብላሃለች። ለዒድ እንደምትመጣ ስነግረው አባባ ባጃጇን ራሱ አጠባት። መናኸሪያ መጥተን እንጠብቅሃለን። ከአውቶቡስ ስትወርድ ግን እንደ ድሮው ዝም ብለህ ፊቱ እንዳትቆም። ቀድመህ "አባባ" ብለህ ጥራው፤ በድምፅህ ይለይሃል።

አላህ በደህና ያምጣህ።

እህትህ ራዊያ፣ ከቆቦ