ተረከዝ የቋጠረው ውሃ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? ጤናህስ? ባለቤትህ ወገቧን ተሻላት ወይ? ትንሿስ ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ፤ ከጭቃው በቀር የሚያማርረኝ የለም። አባባ ግን ደህና ናቸው ብዬ ልዋሽህ አልችልም። ውሸት እንደማይሆንልኝ ከታች ታነበዋለህ።

አባባ ተራራው ላይ ወጡ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። አልወጡም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔው ስማው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ስለቀለጠ የተራራው የእግር መንገድ ሊጥ ሆኗል። የመንገዱን ጥበቃ ሥራ ከአባባ ከተረከብኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ጭቃ አላየሁም። መግቢያው በር ላይ ሰንሰለት አስሬ፣ መሬቱ እስኪደርቅ ተዘግቷል የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ። ማን ያነባል! አንዱ ነጭ ጫማ አድርጎ ሰንሰለቱን ተሻግሮ ገባ፤ ጫማው እንዳይቆሽሽበት ጭቃውን እየሸሸ ዳር ዳሩን ሳሩን ረግጦ ወጣ። ጓደኞቹም ተከተሉት። አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፈው መንገድ በአንድ ቀን ጋሪ የሚያሳልፍ ሆነ፤ በማግስቱ የወረደው ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወሰደው። ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋይ ስሸከም ዋልኩ፤ የረገምኩትን ርግማን አልጽፍልህም።

አባባ የጠየቁኝ በዚያው ሰሞን ነው። ሐኪሙ ልባቸው ደክሟል፣ በጋውን መድረሳቸውን እንጃ ካለን በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነው ያማራቸው፤ በእጃቸው የደረደሩትን የድንጋይ ደረጃ ወጥተው፣ ነፍሷን ይማርና እማዬ ምሳ ይዛላቸው ትመጣበት በነበረው ድንጋይ ላይ አንዴ መቀመጥ። በጭቃው መሃል መሃሉን ቀስ ብዬ ብሄድስ አሉኝ። እኔ ንዴቴ አልበረደልኝም ነበርና ሕግ ለሁሉም እኩል ነው፣ ሲደርቅ ይወጣሉ አልኳቸው። ጎሽ፣ እኔም ይህንኑ ነበር የምለው ብለው ሳቁ። ሁለተኛ አልለመኑኝም። በኋላ ተጸጽቼ ደግፌ ላውጣዎት ብል እሺ አላሉም።

መድረቁን እንዴት እንደምናውቅ ታስታውሳለህ። ተረከዝህን መሬቱ ላይ ትጫነዋለህ፤ ጉድጓዱ ውሃ ከቋጠረ መንገዱ አይከፈትም። በየጠዋቱ ስመለስ ከአልጋቸው ሆነው፣ ቋጠረ? ይሉኛል። ቋጠረ እላቸዋለሁ። እግራቸው እያበጠ ሄደ። ባለፈው ሳምንት ከአልጋ እስከ ወንበር መሄድ ሲያቅታቸው ፈራሁና፣ አልቋጠረም፣ ደርቋል፣ ይነሱ እንሂድ አልኳቸው። እስቲ ቦቲሽን አሳዪኝ አሉ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነበር። አንቺ ውሸታም ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ተረከዜ ምንም አልቋጠረም። ሰንሰለቱን ፈትቼ፣ ቦቲዬን ሳላወልቅ ሮጬ አልጋቸው አጠገብ ቆምኩ። ነቅተዋል፣ ያዩኛል። ጠበቅኩ። አልጠየቁኝም።

ፈቃድ ጠይቅና ና። ሁለታችን ብንሆን በወንበር ተሸክመን እናወጣቸዋለን። ይህን ስጽፍልህ ሰማዩ እየጠቆረ ነው፤ ከዘነበ ሰንሰለቱን እንደገና ማሰሬ አይቀርም።

ባለቤትህን በርቺ በልልኝ። ትልቁን ልጅ ጆሮውን ቆንጥጥልኝ፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። አንተ ስትመጣ ነጭ ጫማ እንዳታደርግ።

እህትህ
ከተራራው ሥር፣ ከአባባ ቤት
ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን